በሊጥ የተመረገ ፍሪጅ

በፎገራ ክረምት የማይሟሟ ነገር ቢኖር የወይዘሮ ንግሥቲ ምላስ ብቻ ነው ይላሉ ጎረቤቶቻቸው። ጨው በቅሉ ውስጥ ይቀልጣል። ክብሪት ሃያ ጊዜ ተጭሮ አንዴ ይጤሳል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉና፣ እርጥበቱ ወረታ ድረስ መጥቶ ከየሰዉ ጋቢ ሥር ገብቶ ያድራል። ይህን ሁሉ ሰው ለምዶታል። በዚያ ክረምት አዲስ የሆነው የወይዘሮ ንግሥቲ ፍሪጅ ማላቡ ነው።

ፍሪጁ የመጣው በግንቦት ነው። አንድ ልጃቸው አበረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ሠሪዎች ካምፓቸውን ነቅለው ሲሄዱ ከሸጡት ዕቃ መካከል ገዝቶ፣ ከእህል ጆንያ ጋር ጭኖ አመጣው። በነጭ ጋዝ የሚሠራ ነው፤ ከሥሩ እንደ ፋኖስ ያለች እሳት ትነዳለች፣ ሆዱ ውስጥ በረዶ ይጋገራል። ግማሹ የወረታ ሰው ሊያየው መጣ። አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ እሳቱን አይቶ፣ ቀና ብሎ በረዶውን ነክቶ፣ አማትቦ ወጣ። ወይዘሮ ንግሥቲ ጥልፍ ልብስ አለበሱት። ከቀበሌ በኩፖን የሚሰጣቸውን ነጭ ጋዝ ከኩራዝ ቀንሰው እሱን አጠጡት።

ደብረወርቅ የአበረ ሚስት ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። በእናቷ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ እያፈጠጠች፣ መንገደኛ ተማሪ በተገኘ ቁጥር እየጠየቀች፣ በራሷ ማንበብ የለመደች ናት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወረታ ሲደርስ ዘማቾቹ «አንቺስ የምታስተምሪ እንጂ የምትማሪ አይደለሽም» ብለው ጠመኔ ሰጧት። ወይዘሮ ንግሥቲ ያን ጊዜ «ከምራቴ ፊደል ከምቆጥር ዓይኔ ይፍሰስ» ብለው ቤታቸው ቀሩ። ጥላቸው ከዚያ ወዲህ ነው የሚል አለ። የለም፣ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ነው የሚልም አለ፤ የሙሽራይቱ እናት ሐሙሲት ላይ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ መሆኗን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ።

የፍሪጁ ነገር የተበላሸው በሰኔ ነው። የጎረቤታቸው የባለሱቁ የኡመር ልጅ ኩፍኝ ወጣበትና ደብረወርቅ ከፍሪጁ አንድ ኩባያ ወተት ቀድታ ለእናቱ ለአሲያ ሰጠች። አማቷ ደረሱባት።

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«ልጅ ታሞ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ዛሬ ኩባያ፣ ነገ ጋን፣ ከነገ ወዲያ ቤቱን ነቅለሽ ለጎረቤት ታድያለሽ!»

በማግስቱ አናጢው አድማሴ ተጠራ። አድማሴ የጎተራና የበረት በር የሚሠራ ሰው ነው። ፍሪጅ ነክቶ አያውቅም፤ ግን «አላውቅም» ማለትንም አያውቅም። በሩን በስቶ፣ ጎኑን በስቶ፣ ማንጠልጠያ ብረት በብሎን አሰረበትና የጡብ ግማሽ የሚያህል ጓጉንቸር ሰቀለበት። ብረቱ የበሩን ጎማ ጨምድዶ እንደያዘው ያኔ ልብ ያለ የለም። ቁልፉ ከወይዘሮ ንግሥቲ መቀነት ጫፍ ተቋጠረ። ከዚያ ወዲያ ደብረወርቅ ለወጥ የሚሆን ቅቤ ስትፈልግ፣ ሹም ደጅ እንደሚጠና ባላገር ቆማ መጠበቅ ሆነ ዕጣዋ።

ሐምሌ ገባና ዝናቡ ያዘ። አንድ ጠዋት ወይዘሮ ንግሥቲ ጓጉንቸሩን ሲከፍቱ፣ የፍሪጁ ጣሪያ እንደ ዋሻ ያንጠባጥባል፣ ግድግዳው ያለቅሳል፣ ከሥር መደርደሪያው ላይ ውሃ ተኝቷል።

«ውሃ የምትደፊበት አንቺ ነሽ።»

«በየት በኩል ልድፋ? ቁልፉ ከእርስዎ ወገብ ወርዶ አያውቅ።»

«አፍሽን ዝጊ!»

«አፌ ጓጉንቸር አልተበጀለትም። አድማሴን ያስጠሩለት።»

ውሃው በየቀኑ መጣ። ወይዘሮ ንግሥቲ የበለጠ ቢቀዘቅዝ ይተወዋል ብለው እሳቱን ከፍ አደረጉ፤ በረዶው ወፈረ እንጂ ውሃው አልተወም። የተቀቀለ ምስር ትኩሱን፣ ሳይከደን፣ ከነእንፋሎቱ አስገቡ፤ ባሰበት። ደብረወርቅ አንድ ቀን ዝም ማለት አቅቷት ተናገረች።

«እትዬ፣ ትኩስ ነገር በርዶ፣ ተከድኖ ይግባ። ውስጡ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ቅቤውን ደግሞ ከላይ አያስቀምጡት፤ የጾሙ ምግብ ከላይ ይሁን፣ ቅቤው ከታች። ውሃ የሚወርደው ወደ ታች ነው።»

ይህ የመጨረሻው ምክር አማቷን ከሁሉ በላይ አስቆጣቸው። ጊዜው የፍልሰታ ዋዜማ ነበር። ወይዘሮ ንግሥቲ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ጾሙ ሲፈታ፣ የኪዳነ ምሕረትን ማኅበር ለመደገስ ቅቤ እያጠራቀሙ ነው። ከሜዳው መንደሮች የመጣ የፎገራ ላም ቅቤ፣ ወርቅ የመሰለ፣ በጎድጓዳ ሳህን ተቆልሎ የላይኛውን መደርደሪያ ይዟል። ከሥሩ የሱፍ ጆግ፣ ከዚያ ሥር ምስርና ሽሮ።

«ቅቤን ከሽሮ በታች? በማን አገር ነው ጌታ ከሎሌ በታች የሚቀመጥ?»

«ጌታማ በዚህ ዘመን ቀረ ብሏል ቀበሌው።»

«ለእኔ አልቀረም!»

ነገሩ በዚህ ተዘጋ፤ ቅቤው ከላይ ሱፉ ከታች ሆነው ጾሙ ገባ።

ነሐሴ ሰባት ቀን የቤቱ የነፍስ አባት ቄስ ገብረ ኪዳን ከቅዳሴ መልስ መጡ። ካባቸው በዝናብ ርሶ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል፤ ከንጋት ጀምረው ቆመው ነው የዋሉት። ወይዘሮ ንግሥቲ ጓጉንቸሩን ራሳቸው ከፍተው የሱፉን ጆግ ራሳቸው አወጡ። ደብረወርቅ ከጆጉ ገልብጣ እንጀራውን ፈተፈተችና አቀረበች። አባ ባርከው አንድ ጎረሱ፣ ዋጡ። ሁለተኛውን ሊያነሡ ሲሉ እጃቸው ከአየር ላይ ቆመ።

«ንግሥቲ።»

«አቤት፣ አባቴ።»

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ሰባት። ጽንሰታ ለማርያም።»

«እንግዲያ ይህ ቅቤ ምንድን ነው?»

ሁሉም ሳህኑ ላይ አጎነበሱ። በሱፉ ነጭ ውሃ ላይ ምስር ምስር የሚያካክሉ የቅቤ ፍርፋሪዎች ይንሳፈፋሉ።

አባ እጃቸውን አራግፈው ተነሡ። ስድሳ ዓመት ሲጾሙ፣ ወባ ጥሏቸው በተኙበት ዓመት እንኳ፣ ፍልሰታን ገድፈው አያውቁም። ወይዘሮ ንግሥቲ ግን ከአባ ቀድመው አገኙት ጥፋተኛውን።

«አንቺ ነሽ! ካህን አስገደፍሽ! አውቀሽ፣ አስበሽ!» ብለው ወደ ደጃፍ ሮጡ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው በደጁ ያልፋል። «ጎረቤት ስሙልኝ! የአረቄ አውጪ ልጅ ካህን በፍልሰታ ቅቤ አበላችብኝ!»

«አባ፣ እባክዎ ይዩት» አለች ደብረወርቅ፣ ወደ ፍሪጁ እየጠቆመች። «የቅቤው ሳህን ውሃ ሞልቶ ነው ወደ ታች የፈሰሰው። አሁን ይዩት።»

ወይዘሮ ንግሥቲ ተመልሰው በሩን ድርግም አድርገው ቆለፉት። «ቤቴን ልታስበረብሪ? አባቴ፣ ዘጠኝ ቀን ይበቃታል። የኪዳነ ምሕረት ዕለት በማኅበርተኛው ፊት ጥፋቷን ትመን። ካላመነች ጓዟን ይዛ ሐሙሲት ትውረድ።»

አባ የገደፉትን ጾም እያሰቡ ነበር፤ «ይሁን» ብለው ወጡ።

ደብረወርቅን የከበዳት ሐሙሲት መውረዱ አልነበረም። በአገሩ ባሏን ፈትታ እናቷ ቤት የገባች ሴት ብዙ ናት። ካህን ያስገደፈች ሴት ግን እጇ የተረገመ ነው። ቡኮዋን የሚነካ፣ ጠላዋን የሚቀምስ፣ ለሠርግ ለተዝካር «ነይ አግዢን» የሚላት አይኖርም። በማግስቱ ጠዋት ለጎረቤቷ ለጸሐይነሽ እንደ ወትሮው የሽምብራ ቆሎ በሳህን ላከች። ሳህኑ ተመለሰ። አንድ ፍሬ አልጎደለም። «ጠግቤ ነው በላት» ብላለች አሉ ጸሐይነሽ፤ በጾም፣ ገና ሳይቀደስ።

የዚያን ዕለት አበረ ከመንገድ ገባ። ነገሩን ከእናቱ አፍ ሰምቶ፣ ከሚስቱ አፍ ሰምቶ፣ መሐል ላይ ተቀመጠ።

«ብሎኑን ፍታው» አለችው። «ያ ብረት ነው በሩን እንዳይገጥም ያደረገው። መፍቻ አለህ።»

«እናቴ ሳትፈቅድ?»

«የገዛኸው አንተ ነህ።»

«የገዛሁት እኔ ነኝ። የተቀመጠው ግን በእሷ ቤት ነው።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ በለኛ።»

አበረ ጫማውን ፈልጎ አጥልቆ፣ የመኪናውን ጎማ ላየው ብሎ ወጣ። ጎማው ጤነኛ ነበር።

ደብረወርቅ ብቻዋን ቀርታ ከተቆለፈው ፍሪጅ ፊት ቆመች። መዳፏን በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረች። በማጠፊያው በኩል ምንም የለም። ከላይ ምንም የለም። በጓጉንቸሩ በኩል ስትደርስ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ጣቶቿን ላሳት። ያኔ የእናቷ ጓዳ ትዝ አላት። ድፍድፉ በማሰሮ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ ውስጥ ሄዶ ከቀዝቃዛው መቀበያ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ጠብ ይላል፤ እሱ ነው አረቄው። መቃው ከማሰሮው አፍ የሚገናኝበት ስንጥቅ በሊጥ ካልተመረገ ግን እንፋሎቱ ያፈተልካል፣ የቀን ሥራ ከንቱ ይቀራል። እናቷ «ትንፋሽ ቀዳዳ ካገኘ ወንድምም አያውቅ» ትል ነበር። ይህ ፍሪጅ የአረቄው ግልባጭ ነው። የክረምቱ እርጥብ አየር በጓጉንቸሩ ስንጥቅ ይገባል፣ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ስድብ ሆኖ የኖረው የእናቷ ሙያ መልሱን በእጇ አስቀመጠላት።

ወደ አሲያ ሱቅ ሄዳ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ አንድ ብጣሽ ለመነች።

«ለምንሽ ነው?»

«ለፍሪጁ ላጎርሰው።»

«በጾም?» አለች አሲያ። «ደግሞ ጋዜጣ አስገደፈችው እንዳይሉሽ!» ከዚያ ሳቋን ትታ፣ «ደብሬ፣ የእኔ ልጅ ወተት ነው እዚህ ያደረሰሽ። እኔ መጥቼ ልንገራቸው?»

«አንቺ ከመጣሽ አሲያም አሴረች ይላሉ። ተይው።»

«አማትሽ እኮ ቁልፍ ቢያገኙለት ዝናቡንም ይቆልፉት ነበር።»

ደብረወርቅ ተመልሳ፣ ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ፣ ብጣሹን በስንጥቁ በኩል ገፋችው። ሳይታጠፍ፣ ሳይቧጠጥ፣ እልም ብሎ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ወይዘሮ ንግሥቲ ፍሪጁን ከፍተው ወረቀቱን ከቅቤው አጠገብ ሲያገኙት ጩኸታቸው አስፋልት ተሻገረ። በተቆለፈ በር ውስጥ፣ ጽሕፈት ያለበት ወረቀት!

«መተት! ክታብ አስገብታብኛለች! አባን ጥሩልኝ!»

አባ መጡ። ጎረቤቱም ከደጅ ተኮለኮለ። ወይዘሮ ንግሥቲ ወረቀቱን በእንጨት ቆንጥጠው ይዘውታል፤ በእጃቸው ሊነኩት ፈርተዋል።

«ያንብቡት አባቴ፣ ማንን እንደጠራችበት።»

አባ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «‹…ሰፊው ሕዝብ የምርት ዕቅዱን…›» አሉ። ገለበጡት። «‹…በመቶ አሥራ ስምንት…›» ከደጅ አንድ ሰው ሳቀና በሳል አስመሰለው።

«ጋዜጣ ነው» አለች ደብረወርቅ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። ተቆልፎ ሳለ፣ በዚህ በኩል። ይዩ።» ሌላ ብጣሽ አውጥታ በሁሉም ፊት፣ በተዘጋውና በተቆለፈው በር ስንጥቅ አስገባችው። «ወረቀት የሚገባበት እርጥበት አይገባም? ጠብ ጠብ ብሎ የቅቤውን ሳህን የሞላው ይኸው ነው። ተርፎ ሱፉ ላይ የፈሰሰው ይኸው ነው።»

«ወሬ!» አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ። «እርጥበት እግር አለው? አባቴ፣ አሁን ደግሞ ጓጉንቸሬን ልታስፈታ ነው፣ ልትሰርቀኝ።»

«ጓጉንቸሩ አይፈታ። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ራስዎ ይወልውሉት፣ ባዶ ደረቅ ሳህን ያስገቡ፣ ራስዎ ይቆልፉ። ከዚያ ስንጥቁ ዙሪያውን በሊጥ ይመረግ። ነገ አባ ይክፈቱት።»

«በሊጥ?» አባ ጢማቸውን ያዙ።

«አረቄ እንደሚመረገው።»

«ስሙልኝ! ስሙልኝ!» ወይዘሮ ንግሥቲ ደረታቸውን መቱ። «ፍሪጄን የእናቷ ማሰሮ ልታደርገው!»

አባ ገብረ ኪዳንን የገደፉት ጾም አሁንም ያንገበግባቸዋል። ማን እንዳስገደፋቸው ሳያውቁ ንስሐ መግባት ከበዳቸው፤ ለእግዜሩ የሚነግሩት ስም የላቸውም። «ይመረግ» አሉ። «ሊጥ ኃጢአት የለበትም።»

ወይዘሮ ንግሥቲ እያጉረመረሙ ወለወሉ። ቅቤው ወጣ፣ ሦስት ደረቅ ሳህን ገባ፣ ጓጉንቸሩ ጠቅ አለ። ደብረወርቅ እጅጌዋን ጠቅልላ የጤፍ ሊጥ እንደ ገመድ እያድቦለቦለች በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ለጠፈች፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር፣ በብረቱ ዙሪያ በተለይ። ስትጨርስ አባ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው በአራቱም በኩል ሊጡ ላይ አተሙት። «እንግዲህ ይህን የሚነካ ከእኔ ጋር ነው» አሉ። ነጭ ፍሪጅ፣ ዙሪያውን በቡናማ ሊጥ የተለሰነ፣ አራት መስቀል የታተመበት፤ ከደጅ የቆመው ሰው ይሳቅ ይሳለም አላወቀም።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አባ መስቀሎቹን አንድ በአንድ አዩ። አልተነኩም። ሊጡ ተፈቀፈቀ፣ ጓጉንቸሩ ተከፈተ። አባ ጣታቸውን በግድግዳው አስኬዱ። ሳህኖቹን አንሥተው ገለበጡ። ደረቅ። በመጎናጸፊያቸው ጫፍ ሳይቀር አሹት፤ ደረቅ።

«አሁን ያለ ሊጥ ይቆለፍ» አለች ደብረወርቅ። «እንደ ወትሮው።»

ሳህኖቹ እንደ ወትሮው ተቆልፎባቸው አደሩ። ሌሊቱን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን አባ በሩን ሲከፍቱ ከጣሪያው የወረደች ጠብታ የእጃቸውን ጀርባ መታቻቸው። ከላይኛው ሳህን ውሃ ተኝቶበታል፤ ተርፎ ወደ መካከለኛው ይንጠባጠባል። አባ ጠብታዋን በመጎናጸፊያቸው ጫፍ ጠረጓት።

«የዝናቡ ነገር ነው እንግዲህ» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «እግዜር ያመጣው ነው። ማንም አላጠፋም። ታረቁ።»

ወይዘሮ ንግሥቲ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ደብረወርቅ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ዝናቡ በየቤቱ ዘንቧል፣ አባ። ብረቱን ያስመታው ግን ዝናብ አይደለም።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ።»

«የተከሰሰው ምላሴ አይደለም፤ እጄ ነው። ካህን አስገዳፊ፣ መተተኛ ስባል በስሜ ነው የተባልሁት፣ ጎረቤት ተጠርቶ። ነጻ ስወጣ ‹ማንም አላጠፋም› ነው? የኪዳነ ምሕረት ዕለት በማኅበርተኛው ፊት እርስዎ ቀድመው ከእጄ ይብሉ። ሌላ አልጠይቅም።»

የወይዘሮ ንግሥቲ ቤት ለአባ የዓመት ቀለብና የክረምት ካባ ቤት ነው። መስቀላቸውን አሳልመው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ አማቷ ዞሩባት። «ጓጉንቸሬ ከቦታው አይነቃነቅም። ብልኃቱን ካወቅሽው፣ በየጠዋቱ ሊጥ አቡክተሽ ትመርጊዋለሽ።»

«ጓጉንቸሩ የእርስዎ ነው። ሊጡም የእርስዎ ይሁን።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ወይዘሮ ንግሥቲ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳያያቸው፣ እስከ ክርናቸው ሊጥ ተለቅልቀው ፍሪጅ ሲመርጉ ከረሙ። አንድ ቅቤ ለማውጣት ይፈቀፍቁታል፣ መልሰው ይለስኑታል። አሲያ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ፣ «አረቄው መቼ ይደርሳል፣ እትዬ ንግሥቲ?» ብላቸው የድንጋይ ፍንጣሪ በጆሮዋ አጠገብ አለፈ። ብሎኑን ማስፈታት የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። አላስፈቱትም።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ደረሰ። ደብረወርቅ ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ስታቁላላ፣ ዶሮ ስትበልት አደረች፤ ልብሷን ግን በአንሶላ ጠቅልላ በጓዳው በር ሥር አስቀምጣለች። አበረ ሐሙሲት የሚያደርሳት ከሆነ መኪናው ደጅ ቆሟል። ጥቅሉን አይቶ አለፈው።

ማኅበርተኛው ሞላ። ጠላው በሌላ ሴት እጅ ተቀዳ፣ ተጠጣ። ትሪዎቹ ተዘረጉ፣ ደብረወርቅ ወጡን በየትሪው እየዞረች አወጣች። አሥራ አምስት ቀን ቅባት ያልቀመሰ ሰው ነው፤ የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ማንም እጁን አልዘረጋም። ጸሐይነሽ የነጠላዋን ጥለት መቁጠር ያዘች። አንዱ ጣሪያውን አየ። አንዷ ሆዷን አመማት። ወይዘሮ ንግሥቲ ከአባ አጠገብ ተቀምጠው፣ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ።

«ብሉ እንጂ» አሉ ለስለስ ብለው። «ወይስ የሚያስፈራችሁ ነገር አለ?»

አባ ገብረ ኪዳን ትሪውን ያያሉ። ላባቸው በግንባራቸው ችፍ ብሏል። ደብረወርቅ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ከመካከል ቆማ፣ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አላነሣችም። አልለመነችም። አላጎነበሰችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«ደብረወርቅ» አሉ አባ።

«አቤት።»

«ውሃ አምጪ፤ እጄን ልታጠብ።»

አምጥታ አስታጠበቻቸው። አባ እጃቸውን አራግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነሐሴ ሰባት ገድፌያለሁ። በዚች ልጅ እጅ አይደለም። የንግሥቲ ጓጉንቸር ያስገባው እርጥበት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጣቴ ነክቻለሁ። ቀድሞ መናገር ነበረብኝ። ፈርቼ ነው።» እንጀራውን ቆርሰው፣ ወጡን አጥቅሰው፣ ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ። ዋጡ። «ጨውም አላነሰው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይጠብቃል! እጅ ከየአቅጣጫው ወረደ። ጸሐይነሽ ከሁሉ ቀድማ ብልቱን አነሣች። አበረ ከበሩ ሥር ተነሥቶ፣ ከመኪናው መፍቻ ይዞ ገብቶ፣ ከፍሪጁ ፊት ተንበረከከ። ሚስቱ ዞራ አላየችውም፤ ይህን ማድረግ የነበረበት ከስምንት ቀን በፊት ነው።

ወይዘሮ ንግሥቲ ግን አልጎረሱም። በእሳቸው በኩል ያለው የትሪው ጠርዝ እንደተዘረጋ ነው። ብሎኑ ሲፈታ ይጮኻል፤ እሳቸው ወደዚያም አልዞሩም።

ደብረወርቅ ዙሯን ጀመረች። ከእሳቸው ፊት ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ አንድ ጭልፋ ወጥ ከነእንቁላሉ አወጣችላቸው።

«ይብሉ እንጂ፣ እትዬ።»

«በቃኝ።»

ሁለተኛ ዞረች። ማኅበርተኛው ማላመጡን ሳያቆም ጆሮውን አቀና። ሌላ ጭልፋ፣ በመጀመሪያው ላይ።

«ምነው አልጣፈጠዎትም?»

«በቃኝ አልሁ!»

ሦስተኛ መጣች። ወጡ ከወይዘሮ ንግሥቲ ፊት ተቆልሎ፣ እንጀራውን አርሶ፣ ወደ ትሪው ጠርዝ መጥቷል።

«በሞቴ» አለች ደብረወርቅ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ ጭልፋውን ከፍ አድርጋ እንደያዘች። «ገና ምን ጎረሱና!»